ከሐራ ወልዲያ ስታዲየም ደርሶ መልስ፦ የክልል ከተማ የስፖርት ዘጋቢ ክፍያ እንዴት ይሰላል?

በአገራችን የስፖርት ጋዜጠኝነት ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን በስቱዲዮ ተቀምጦ የሚተነትነው ወይም ከስታዲየም ሆኖ ጨዋታ የሚያስተላልፈው ባለሙያ ነው። ከጀርባው ግን «ወኪላችን ከወልዲያ እንደዘገበው» ተብሎ ለሁለት ሰከንድ ስሙ የሚጠራ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይጠራ ሌላ ሰው አለ። ይህ ሰው በሥራ ቀናት መምህር፣ የፎቶ ቤት ባለቤት ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። እሑድ ሲደርስ ማስታወሻ ደብተሩንና ስልኩን ይዞ ሜዳ ይወርዳል። በሌላው ዓለም ፍሪላንሰር ይሉታል፤ እኛ ዘንድ «ወኪል»፣ «ተባባሪ ዘጋቢ» ወይም በደፈናው «እዚያ ያለው ልጅ» ነው የሚባለው።

የዚህ ዘጋቢ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በስልክ በሁለት ቃል ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍያው በምን ይሰላል፣ ሕጉስ ምን ይላል፣ ባይከፈልስ ወዴት ይኬዳል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ለማስረጃ እንዲመች በሰሜን ወሎ ዞን ከምትገኘው ከሐራ የሚነሳ አንድ ዘጋቢ በምሳሌነት ወስደናል።

የአንድ እሑድ ሒሳብ

የሐራን ስም ብዙ ሰው የሰማው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ ላይ ከሚያበቃው የባቡር መስመር ፕሮጀክት ጋር በተያያዘ ነው። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ነች። ለስፖርት ዘጋቢው ግን ትልቁ ሜዳ ያለው ወልዲያ ነው። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚይዝ ሲሆን፣ የወልዲያ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ በነበረበት ጊዜ ከአዲስ አበባ ጭምር ጋዜጠኞች ይመጡበት ነበር። ቡድኑ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ከሊጉ ሲወርድ የመጡት ተመለሱ፤ የቀረው የአካባቢው ዘጋቢ ብቻ ነው።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው እንበል። ዘጋቢው አሰላለፍ ከቡድን መሪዎቹ ወይም ከኮሚሽነሩ ለመውሰድ ቀደም ብሎ መድረስ ስላለበት፣ መኪናው እስኪሞላ የሚጠብቀውም ሰዓት ስላለ፣ ከሐራ ከረፋዱ አራት ሰዓት ይነሳል። ጨዋታው እየተካሄደ የጎሉን ደቂቃ፣ ቅያሪውን፣ ካርዱን ይመዘግባል። ሲያልቅ ሁለቱን አሠልጣኞች ይዞ ያነጋግራል፤ የተሸነፈው አሠልጣኝ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ከዚያ ድምፁን ይልካል ወይም በቀጥታ ስልክ ይገባል፤ ቤቱ ሲደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ማለት ነው። በአየር ላይ የዋለው ግን ሦስት ደቂቃ ነው፤ ክፍያው የሚቆረጠውም ብዙውን ጊዜ በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ነው።

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ከተማ ታሪፍ ሊተካቸው ይችላል። የመኪና ደርሶ መልስ 200 ብር፣ ከመናኸሪያ ስታዲየም ባጃጅ ደርሶ መልስ 60 ብር፣ ምሳና ውሃ 180 ብር፣ የስልክና የኢንተርኔት ጥቅል 60 ብር፤ በድምሩ 500 ብር። ጣቢያው ለአንድ ዘገባ 700 ብር ይከፍላል ብንል ለዘጋቢው የሚተርፈው 200 ብር ነው። ለዘጠኝ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 22 ብር ገደማ ይሆናል። ጨዋታው በዝናብ ወይም በጸጥታ ምክንያት ከተሰረዘ ደግሞ «ዘገባ ስለሌለ ክፍያ የለም» ይባላል። 500 ብሩ ከዘጋቢው ኪስ ወጣ ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ሥራ የጣቢያው ቋሚ ሪፖርተር ቢሠራው ምን ያስወጣ እንደነበር እንይ። የሪፖርተሩ የወር ደመወዝ 8,000 ብር ነው እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር 208 ሰዓት ገደማ ስለሚሠራ የሰዓቱ ዋጋ 38 ብር ከ46 ሳንቲም ነው። በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን የተሠራ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በእጥፍ ስለሚከፈል ወደ 77 ብር ይደርሳል። ለዘጠኝ ሰዓት 692 ብር ገደማ ነው። የጉዞና የምግብ ወጪው 500 ብር ሲጨመር 1,192 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ አሠሪው የሚያዋጣው 11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የሆነው የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድ አልተጨመሩም። የጉዞው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት አይቆጠርም የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ቢቀነስ እንኳ 700 ብር ላይ የሚያደርስ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የወጪ ተመላሽና የድካም ዋጋ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተቀላቅለው እስከተነገሩ ድረስ ዘጋቢው በርቀት ይቀጣል። ከስታዲየሙ አጥር ጎን የሚኖረውና ከሐራ የሚመጣው እኩል 700 ብር ሲከፈላቸው እኩል የተከፈሉ ይመስላል እንጂ አንዱ ከሌላው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው ያገኘው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ «ስንት ትከፍላላችሁ?» ሳይሆን «ወጪው ለብቻ ነው ወይስ ውስጡ ነው?» የሚለው ነው።

ገንዘቡ የት ይቀራል?

ዘጋቢው አነስተኛ ክፍያ የሚያገኘው ሁልጊዜ አለቃው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አብዛኛው የስፖርት ፕሮግራም የሚሠራው የአየር ሰዓት በመግዛት ነው። አዘጋጁ ለጣቢያው በየወሩ ይከፍላል፤ ስፖንሰር ፈልጎ ያመጣል፤ ከተረፈው ላይ ረዳቶቹን ይከፍላል። ከሁሉም መጨረሻ የሚደርሰው የክልል ወኪሉ ነው። ስፖንሰር በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ ሲከለክል የስፖርት ፕሮግራሞች ዋነኛ ደንበኛቸውን ቢራ ፋብሪካዎችን አጡ። ክልከላው ለሕዝብ ጤና ተገቢ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ጸሐፊም ከእነሱ አንዱ ነው። ይሁንና ክፍተቱን የሞሉት በብዛት የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ናቸው። ውርርዱ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝና በስፔን ሊጎች ላይ ስለሆነ ስፖንሰሩ የሚፈልገው ስለ አርሴናልና ስለ ባርሴሎና እንዲወራ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከለንደን የሚመጣ ዜና ከሐራ ከሚመጣው ይረክሳል። የአርሴናልን ዜና አንድ ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ በአሥር ደቂቃ ይተረጉመዋል፤ ባጃጅም ምሳም አያስፈልገውም። የሀብሩ ወረዳ ወጣቶች ውድድር ውጤት ግን በማንም ድረ ገጽ ላይ የለም፤ ሰው ሄዶ ካላየው አይታወቅም። ርካሹ ውዱን ከአየር ሰዓቱ ላይ ገፋው ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ሌላ ለውጥ መጣ። የፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን ሥርጭት መብት ለአምስት ዓመት 22 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ለዲኤስቲቪ ባለቤት ለመልቲቾይስ ተሸጠ። ለክለቦች የምሥራች ነበር። ነገር ግን ጨዋታዎቹ በሜዳና ከሜዳ ውጪ መካሄዳቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መካሄድ ጀመሩ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በተራ ሲያስተናግዱ፣ በሌሎች ከተሞች የነበረ ዘጋቢ የሊግ ጨዋታ ወደሚካሄድበት ለመሄድ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መጓዝ ግድ ሆነበት። በዚያ ላይ ጨዋታው በቴሌቪዥን ስለሚታይ አዘጋጁ ስቱዲዮ ሆኖ ራሱ ይዘግበዋል። ከመብቱ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ለክለብ ሲከፋፈል፣ በየከተማው ሜዳ ዳር ሆኖ ለዓመታት ሊጉን ለሕዝብ ያደረሰው ዘጋቢ በስሌቱ ውስጥ አልነበረም።

ሰሜን ወሎ የራሱ ተጨማሪ ወጪ አለበት። ወልዲያና አካባቢዋ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ድምፅና ፎቶ መላክ የለመደ ዘጋቢ ወደ ቀድሞው የስልክ ጥሪ ተመለሰ፤ ፎቶ ደግሞ በስልክ ጥሪ አይነበብም።

ካልከፈለው ማን ይከፍለዋል?

መገናኛ ብዙኃኑ የጉዞ ወጪ ካልሸፈነ ብዙውን ጊዜ ክለቡ ይሸፍነዋል። ዘጋቢው በቡድኑ አውቶቡስ ይጓዛል፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ይበላል፣ አንዳንዴም «ውሎ አበል» ተብሎ ፖስታ ይሰጠዋል። ማንም እንደ ጉቦ አይቆጥረውም፤ ሰጪውም ተቀባዩም እንደ ወግ ነው የሚያዩት። ነገር ግን በዚያው አውቶቡስ ተመልሶ የሚመጣ ሰው፣ የቡድኑ ተጫዋቾች ለሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም የሚለውን ዜና ለመሥራት ምን ያህል ይደፍራል? የአካባቢው የቡድን በጀት በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደርና ከሕዝብ መዋጮ የሚወጣ ስለሆነ፣ ሐራ ወይም መርሳ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚያዳምጠው ሰው የራሱን ገንዘብ ወሬ ነው የተከለከለው።

ነገሩ ከገንዘብም አልፎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. በወልዲያና በመቐለ ከተማ ቡድኖች መካከል ሊካሄድ የነበረው የሊግ ጨዋታ ወልዲያ ከተማ ውስጥ በተነሳ ግጭት ሳይካሄድ ቀርቷል፤ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ንብረትም ወድሟል። እንዲህ ባለ ቀን ከስፍራው የሚነገር እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ክብደት አለው። ወሬውን ከሦስት ሰው አጣርቶ ለመናገር ጊዜና ነጻነት ያስፈልጋል። በዚያን ቀን ድንጋይ ቢመታው የሚያሳክመው አሠሪ የሌለው፣ የቀረጸው ካልተላለፈ የማይከፈለው ሰው ግን ቶሎ እንዲናገር እንጂ አጣርቶ እንዲናገር የሚገፋፋው ነገር የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዘጋቢው በሕግ ፊት ሠራተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 የሥራ ውልን ሲተረጉም አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ ለመሥራት ሲስማማ የሚመሠረት መሆኑን ያስቀምጣል። በአንቀጽ 3 ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጪ ያደርገዋል። ልዩነቱ «በማን መሪነት» በሚለው ላይ ነው። በየሳምንቱ «ዛሬ ወልዲያ፣ በሚቀጥለው መርሳ ሂድ» ተብሎ የሚታዘዝ፣ ለሌላ ጣቢያ እንዳይሠራ የተከለከለ፣ የጣቢያውን መታወቂያ የያዘ ዘጋቢ «ፍሪላንስ ነህ» ስለተባለ ብቻ ከሠራተኛነት አይወጣም ብሎ መከራከር ይችላል። በፈለገ ጊዜ የሚሠራ፣ ለሦስት ቦታ የሚሸጥ ከሆነ ግን በሠራተኛ ሕጉ ለመጠቀም ይቸገራል።

ሠራተኛ ሆኖ ቢገኝም የዋጋ ወለል አያገኝም። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም፤ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንደሚቋቋም ነው የሚናገረው።

ከሠራተኛ ሕጉ ውጪ የሆነው ዘጋቢ የሚተዳደረው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለ አእምሮ ሥራ አገልግሎት የሚናገሩት ድንጋጌዎች ከቁጥር 2632 ጀምሮ ይገኛሉ። ውሉ በቃል ቢሆንም ይጸናል። በጽሑፍ ከተደረገ ግን የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ እንዲኖርበት ማድረግ ይገባል፤ ሕጉ ቁጥር 1727 ላይ ይህን ይጠይቃል። ብዙዎች ይህቺን ነገር ረስተው ወረቀታቸው ፍርድ ቤት ላይ ጥያቄ ይነሳበታል።

የቅጂ መብትም አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለሆነም ዘጋቢው ያነሳው የጎል ፎቶ በጋዜጣው ላይ አንዴ ወጥቶ፣ ከዚያ ለካላንደር፣ ከዚያ ለስፖንሰር ማስታወቂያ ቢውል «ለአንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ስምምነት ካልነበረው የሚጠይቀው የለውም። የጨዋታው ውጤት ራሱ ግን የማንም ንብረት አይደለም፤ ሁለት ለአንድ የሚለውን ማንም ሊናገረው ይችላል።

ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ የተለያየ መንገድ ሄዷል። ፈረንሳይ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለውን ጋዜጠኛ እንደ ተቀጣሪ ትገምተዋለች፤ አይደለም የሚለው አካል ነው ማስረዳት ያለበት። ኒውዮርክ ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ዋጋው 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ የፍሪላንስ ሥራ የጽሑፍ ውል ግድ እንዲሆንና ቀን ካልተቆረጠ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ደንግጋለች። የእንግሊዝ የጋዜጠኞች ማኅበር ደግሞ ለአባላቱ የዋጋ መነሻ እያዘጋጀ ያወጣል። ከሦስቱ ለእኛ ቅርብ የሚመስለኝ የመጨረሻው ነው፤ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ከወልዲያ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚዘግቡ ሰዎች ተነጋግረው «ከዚህ በታች አንሄድም፣ ወጪ ለብቻ ነው» ካሉ መነሻ ዋጋ አወጡ ማለት ነው። የሚያስቸግረው አንዱ ሲተው ሌላው በነጻ ለመሥራት የሚቸኩል መሆኑ ነው፤ ስም ለማግኘት ሲል በነጻ የሚዘግብ ወጣት በየከተማው አይጠፋም።

ከጨዋታው በፊት

ስምምነቱ ረጅም መሆን የለበትም። በስልክ የተነጋገሩትን ዘጋቢው ወዲያው በጽሑፍ መልእክት መልሶ ቢልከው፣ «በተነጋገርነው መሠረት እሑድ የወልዲያን ጨዋታ እዘግባለሁ፤ ክፍያ ይህን ያህል፣ ትራንስፖርትና ምግብ ለብቻ፣ እስከ ረቡዕ በቴሌብር ይላካል» ቢል፣ ተቀባዩም «እሺ» ካለ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጨዋታው ቢሰረዝ ወጪውና ቢያንስ የክፍያው ግማሽ እንደሚሰጥ፣ ጉዳት ቢደርስ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን፣ ፎቶው ስንት ጊዜ እንደሚውል አብሮ ቢነሳ መልካም ነው። አለቃውን «አንተ» ሳይሆን «እርስዎ» እያሉ ገንዘብ መጠየቅ ለወሎ ልጅ እንደሚከብደው ይታወቃል፤ መልእክት የሚመረጠውም ለዚህ ጭምር ነው፣ ፊት ለፊት የሚያሳፍረውን ጽሑፍ ይናገረዋል።

ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ «ገንዘቡን የሚያመጣልህ ሰው አጣን» የሚለው ምክንያት ዋጋ የለውም። ይልቁንም ትኩረት የሚያሻው የግብር ጉዳይ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለማያቀርብ አገልግሎት ሰጪ ከክፍያው 30 ከመቶ ተቀናሽ እንዲደረግ ይደነግጋል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የተቀናሹን መነሻ መጠን ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይሻላል። መለያ ቁጥር ማውጣት ግን በሁሉም ሁኔታ ይጠቅማል።

ካልተከፈለስ?

የክፍያው ቀን ካልተወሰነ ባለገንዘቡ ሥራውን እንዳስረከበ ወዲያው መጠየቅ ይችላል። መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለዘገየው ገንዘብ ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 ከመቶ ይታሰባል። ጊዜውን መጠበቅ ያስፈልጋል። እንደ ሠራተኛ የሚከራከር ሰው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄውን ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ ይታገድበታል። በፍትሐ ብሔር ውል ጠቅላላው ይርጋ 10 ዓመት ቢሆንም፣ ሕጉ አንዳንድ ዕዳዎችን ከሁለት ዓመት በኋላ እንደተከፈሉ የሚገምትበት ሁኔታ ስላለ ማዘግየት አይበጅም።

ለመክሰስ አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፤ ዘገባው የተሠራው ወልዲያ ነው። ተከሳሹ ድርጅት እዚያው ክልል ውስጥ ያለ ከሆነና ገንዘቡም አነስተኛ ከሆነ የወረዳ ፍርድ ቤት ያየዋል። ድርጅቱ አዲስ አበባ ሆኖ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ሲሆን ግን የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ስለሚሠሩ፣ የሐራው ዘጋቢ መልእክቶቹን አትሞ፣ ዘገባው የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት ጽፎ፣ የወጪ ደረሰኞቹን ይዞ መጠየቅ ያለበት ወልዲያ የሚገኘውን የዞኑን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነው።